ከዝናቡ በፊት ጎሚስታው ቤት፦ በቱሉ ዲምቱ አቅራቢያ አንድ ኮሮላ ከእጅ የወጣበት የልምምድ ቀን (የጉዳይ ጥናት)

በሰኔ ወር በአንድ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ምሥራቅ ዳርቻ ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ ለመኪና ልምምድ በተከራየነው የአስፋልት ሜዳ ላይ አንድ ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ወደ ግራ በሚዞር ኩርባ መሐል ኋላው አምልጦት ተንሸራተተ። የ26 ዓመቱ አሽከርካሪ መሪውን ወደ ቀኝ መልሶ ሊይዘው ሞከረ፤ መኪናው ለአፍታ የተስተካከለ መሰለና ወዲያው በተቃራኒው አቅጣጫ ተወረወረ። ፊቱን ወደ መጣበት አዙሮ በጀርባው እየተንሸራተተ ሄዶ፣ በውጭ በኩል የተደረደሩትን አሮጌ ጎማዎች በግራ የኋላ ማዕዘኑ መትቶ ቆመ። በስልክ በተቀረጸው ምስል ላይ ሲቆጠር፣ ከመጀመሪያው መንሸራተት እስከ ግጭቱ ያለው ጊዜ አራት ሰከንድ አይሞላም። ሰው አልተጎዳም። የኋላው ፓራውልት ተሰበረ፣ የግራው የኋላ መብራት ረገፈ፣ አንድ ቸርኬ ተጣመመ።

በዚያ ቀን ከነበርነው አብዛኞቻችን የሰጠነው ምክንያት አንድ ነበር፤ ዝናብ ነው፣ ልጁም ፈጥኗል አልን። እኔ በሙያዬ መካኒክ ነኝ፤ በልምምዱ ዕለት ደግሞ አደጋው በደረሰበት ኩርባ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ምልክት ሰጪ ሆኜ ቆሜ ነበርና ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያም ሆኖ በመጀመሪያው ሰዓት የተናገርሁት ከሌላው ሰው የተለየ አልነበረም። አሽከርካሪው ግን ከመኪናው እንደወረደ፣ ገና እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀንሼ ነበር፤ መሪውም ጥሩ ይዞልኝ ነበር» አለኝ። ማንም አላመነውም። መኪናውን ጋራዥ አስገብተን አራቱንም ጎማዎች ፈትተን ካየን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላም አስፋልቱን በውሃ ቦቴ አርሰን ከሞከርን በኋላ፣ ልጁ የተናገረው እያንዳንዱ ቃል ትክክል እንደነበረ ተረዳሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስፍራውና ዕለቱ

ሜዳው ቀደም ሲል የጭነት መኪና ማቆሚያ ነበር። ባለቤቱ ለጊዜው ሥራ ስላልነበረበት፣ በወር አንድ እሑድ ለጥቂት የመኪና ወዳጆች ያከራየናል። በኮንና በአሮጌ ጎማ ምልክት አድርገን 700 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ስድስት መታጠፊያዎች ያሉት ዙሪያ መስመር እንሠራለን። መኪኖቹ አንድ በአንድ በሰዓት ተለክተው ይነዳሉ፤ እርስ በርስ መቅደም የለም። የእሽቅድምድም ሜዳ ብሎ መጥራት ማጋነን ቢሆንም፣ ሰዓት እስካለ ድረስ እሽቅድምድም አለ።

ስለ አስፋልቱ ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ ከዚህ ይጀምራልና። ለዓመታት ከባድ መኪና ሲመላለስበት የቆየ አስፋልት የጠጠሩ ሸካራነት ተፍቆ ይለሰልሳል። መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የዘይትና የናፍጣ ጠብታ ጠጥቷል። ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ያለው መሬት ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። አጠገብ ካለው የግንባታ ቦታ የሚወጡ ገልባጭ መኪናዎች በጎማቸው ጥርስ ይዘውት የመጡት አፈር በሜዳው መግቢያ ላይ ተራግፎ፣ በጎማ ተደቁሶ፣ እንደ ዱቄት ተበትኖ ነበር። በዱቄትነቱ ለአሽከርካሪ አይታይም። ውሃ ሲነካው ግን በለሰለሰው አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ይቀባል።

ከዚያ እሑድ በፊት አምስት ቀን ዝናብ አልጣለም። በመንገድ ላይ ብዙ የነዳ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚወርደው ዝናብ በጣም የሚያንሸራትተው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ የተጠራቀመው ዘይት፣ የጎማ ብናኝና አቧራ ከውሃው ጋር ተደባልቆ ታጥቦ እስኪሄድ ድረስ አስፋልቱን ይሸፍነዋልና። በዕለቱ ዝናቡ ከጀመረ ሃያ ደቂቃ ሆኖት ነበር። ከባድ ዝናብ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አጥቦልን ነበር፤ የነበረው ግን ካፊያ ነው።

ሜዳው ወደ አራተኛው መታጠፊያ በቀስታ ያዘቀዝቃል። የውሃ መውረጃው ቦይ በፕላስቲክ ጠርሙስና በጭቃ ተደፍኖ ስለነበር፣ ከላይ የታጠበው ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ኩርባ ላይ ነው። ከኮሮላው በፊት ሦስት መኪኖች በዚሁ ቦታ ኋላቸው ትንሽ ትንሽ አምልጧቸው ነበር፤ ሦስቱም ስላዳኑት ተሳቅበት ታለፈ። እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን ኑርበርግሪንግ የተካሄደውን የፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር፣ የአውሮፓ ግራንድ ፕሪን፣ የተከታተለ ሰው ይህን ስሕተት ያውቀዋል። ድንገት በወረደ ዶፍ ዝናብ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ውሃ እንደ ጅረት ሲፈስ፣ የዓለም ምርጥ አሽከርካሪዎች በተመሳሳይ ነጥብ ላይ ተከታትለው ወጥተው በዚያው የጠጠር ሜዳ ላይ ተከማችተው ነበር፤ ውድድሩም ቆመ። በሦስት መኪና ላይ በአንድ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ አስፋልቱ እየተናገረ ነው ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ለዚህ የተለየ ባንዲራ አለ፤ ቢጫ መደብ ላይ ቀይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉት፣ ትርጉሙም «መንገዱ ያንሸራትታል» የሚል ነው። በእኔ እጅ የነበረው ግን አንድ ቢጫ ጨርቅ ብቻ ነው፤ እርሱንም አላውለበለብሁትም። ይህን ጥፋት ለማንም አላካፍልም።

መኪናው

ኮሮላው የአሽከርካሪው አጎት ንብረት ነው። ኃይሉን በፊት ጎማዎቹ የሚያወርድ፣ በእጅ ማርሽ የሚነዳ፣ ኤቢኤስም (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሆነ ሌላ የኤሌክትሮኒክ አጋዥ የሌለው መኪና ነው። ኤቢኤስ እ.ኤ.አ. በ1978፣ መኪና ሲንሸራተት አንዱን ጎማ ለብቻው ፍሬን እያስያዘ የሚያስተካክለው ሥርዓት ደግሞ በ1995 በቅንጦት መኪናዎች ላይ ወጥተዋል፤ በከተማችን ከሚመላለሱት አሮጌ መኪናዎች ግን ብዙዎቹ ሁለቱንም አያውቋቸውም። ሞተሩ፣ ፍሬኑና መሪው ደህና ነበሩ። እኔ ራሴ ጠዋት ፈትሼ አሳልፌዋለሁ። የጎማ ፍተሻዬ ምን ይመስል እንደነበር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ የፊቱን ጎማ በእግሬ መትቼ፣ አዲስ መሆኑን አይቼ፣ «ጎበዝ፣ ጎማ ቀይረሃል» ብዬ አልፌያለሁ።

አዲስ የነበሩት የፊቶቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አጎትየው ከሁለት ሳምንት በፊት አራት ጎማ ለመግዛት አስበው፣ ዋጋው ከብዷቸው ሁለት ገዙ። ጎሚስታው ሁለቱን ከፊት አስገባ፤ ከፊት የነበሩትን ጥርሳቸው ያለቀባቸውን አውልቆ ጣለ፤ የኋላዎቹን አልነካቸውም። ይህ በከተማችን የተለመደ አሠራር ነው፤ ምክንያት የሌለው አሠራርም አይደለም። መሪው የሚያዘው ፊትን ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ሸክሙ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው፣ በፊት ጎማ በሚጎተት መኪና ላይ ቶሎ የሚያልቀውም የፊቱ ጎማ ነው። ለዚህ ሁሉ «አዲሱ ፊት ይግባ» ማለት ለጆሮ የሚጥም መልስ ነው። የጎማ አምራቾች ግን ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው አዲሶቹን ከኋላ እንዲያስገባ ለብዙ ዓመታት ሲመክሩ ኖረዋል፤ መኪናው በፊት ጎማ ቢጎተትም ባይጎተትም።

ጋራዥ ውስጥ ያየነው እንዲህ ነበር። የፊቶቹ ጥርስ ጥልቀት ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ አዲስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ገደማ ነው። የኋላዎቹ ሦስት ሚሊ ሜትር ነበራቸው። በአውሮፓ ሕግ ዝቅተኛው 1.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው የኋላዎቹን አይጥላቸውም ነበር። ነገር ግን በጎናቸው ላይ የተጻፈውን አራት አኃዝ ስናነብ 3611 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በ36ኛው ሳምንት የተመረቱ ናቸው ማለት ነው። ላስቲኩን በጥፍሬ ስጫነው እንደ ቀንድ ነው፤ የፊቱን ስጫን ግን ጥፍሬ ምልክት ትቶ ይወጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ፣ ወራት ሙሉ ከመኪናው ጋር በግቢ መቆም፣ ዕድሜም ተጨምሮበት፣ ጎማው ጥርስ እያለው ላስቲክነቱን ጨርሷል። ነፋሱ ደግሞ ከፊት 32 ሆኖ ሳለ ከኋላ በግራ 24፣ በቀኝ 27 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ብቻ ነበር። ጎሚስታው የሞላው የፈታቸውን ጎማዎች ብቻ ነው።

አራቱ ሰከንዶች

የኩርባውን ስፋት በሜትር ለክተን፣ በኮኖቹ መካከል ያለውን ርቀት በምስሉ ላይ ከተቆጠረው ጊዜ ጋር አስተያይተን ፍጥነቱን አሰላነው። የኩርባው ግማሽ ስፋት፣ ማለትም ከመሐሉ እስከ መኪናው መስመር ያለው ርቀት፣ 35 ሜትር ነው። ልጁ ከዝናቡ በፊት ይህን ኩርባ በሰዓት በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፈው ነበር። በዝናቡ የገባው በ46 ገደማ ነው። እንዳለውም ቀንሷል።

መኪና በኩርባ ላይ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ጎማዎቹ ሊሰጡት የሚገባው መያዝ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ከ55 ወደ 46 መውረድ የሚያስፈልገውን መያዝ በሠላሳ በመቶ ይቀንሳል። በ46 ኪሎ ሜትር ለማለፍ ከመኪናው ክብደት ግማሽ ትንሽ የሚያንስ የጎን መያዝ ይበቃል። ደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ጎማ ከክብደቱ ሰባ እስከ ዘጠና በመቶ ድረስ ይይዛል፤ እርጥብ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአርባ እስከ ስድሳ በመቶ። እንግዲህ ለአዲሶቹ የፊት ጎማዎች 46 ኪሎ ሜትር የሚቻል ፍጥነት ነበር። ቀንድ ለሆኑት የኋላ ጎማዎች፣ በዋልካና በዘይት በተቀባ አስፋልት ላይ፣ የሚቻል አልነበረም። ልጁ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ አሽከርካሪ የአስፋልቱን ጠባይ በአብዛኛው የሚያነበው በመሪው በኩል በእጁ ነው፣ መሪው ደግሞ የሚያወራው ስለ ፊት ጎማ ብቻ ነው። አራቱም ጎማዎች አሮጌ ቢሆኑ ኖሮ መኪናው ገና በሁለተኛው መታጠፊያ አፍንጫው ወደ ውጭ እየሄደ ያስጠነቅቀው ነበር፤ እርሱም በ38 ወይም በ40 ይገባ ነበር። አዲሶቹ ጎማዎች በውሸት አበረታቱት።

በምስሉ ላይ እንደሚታየው ኩርባውን ሲገባ ምንም ችግር የለም። መሐል ላይ፣ ውሃው ከተኛበት ቦታ ሲደርስ፣ የኋላው ክፍል የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ወደ ውጭ ፈቀቅ ይላል። ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ለልጁ በወንበሩ በኩል ተሰምታዋለች። ማንም ሰው የሚያደርገውንም አደረገ፤ ደነገጠና እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ አነሣ።

እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ነዳጅ በድንገት ሲለቀቅ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ይይዛል፣ የመኪናውም ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል። በዚህ መኪና ላይ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ርቀት ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ በመሆኑ፣ በሁለተኛ ማርሽ እግር ሲነሣ ከኋላ ወደ ፊት የሚዘዋወረው ክብደት በግምት 30 ኪሎ ነው። ከመኪናው ክብደት አንጻር ሲታይ ምንም አይደለም። ነገር ግን የኋላው ጎማ ቀድሞም ሊለቅ በተቃረበበት ቅጽበት እነዚያ 30 ኪሎዎች የሚጫኑት ጥሩ የሚይዘውን የፊቱን ጎማ ነው። ፊት ይበልጥ ነከሰ፣ ኋላ ይበልጥ ቀለለ፤ መኪናው በፊት ጎማው ላይ ተተክሎ እንደ በር ዞረ። ስፖርት የሚያዘወትሩ አሽከርካሪዎች በደረቅ ሜዳ ይህንኑ ሆን ብለው ያደርጉታል። ልጁ ያደረገው ሳያውቅ ነው።

በነገራችን ላይ የከፍታው ጉዳይም እጁ አለበት ብዬ አምናለሁ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ገደማ ኃይሉን ያጣል። በዚህ የተነሣ የእኛ ልጆች አንዴ ያገኙትን ፍጥነት እንዳያጡት ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ተጭነው መቆየት ይለምዳሉ። ተጭኖ የቆየ እግር ደግሞ ሲነሣ የሚነሣው በሙሉ ነው። በቀስታ መቀነስን አልተለማመዱትም።

ቀጥሎ የመጣው የመሪው ነገር ነው። ልጁ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞሩ ትክክል ነበር፤ ያዞረው ግን ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ፣ ከሚገባውም በላይ ነበር። መኪናው ውሃ ከተኛበት ወጥቶ ሸካራ ወደ ሆነው አስፋልት ሲደርስ የኋላ ጎማዎቹ በድንገት ያዙ፤ የፊቶቹ ደግሞ ገና ወደ ቀኝ እንደተጣመሙ ነበሩ። ከዚህ በኋላ የሆነው የፊዚክስ ሥራ ነው። ጅራቱ እንደ ጅራፍ ወደ ግራ ተመትቶ ዞረ፣ ልጁም ፍሬን ረገጠ፣ አራቱም ጎማዎች ተቆለፉ። የተቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማም።

«ውሃ ላይ ተንሳፈፈ» ስለተባለው

ከአደጋው በኋላ በብዛት የተሰማው ማብራሪያ ጎማው ውሃ ላይ ተንሳፈፈ የሚል ነው። መንሳፈፍ በርግጥ ያለ ነገር ነው። የናሳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአውሮፕላን ጎማዎችን ፈትነው፣ ጎማ ሙሉ በሙሉ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት በዋናነት በነፋሱ መጠን እንደሚወሰን አሳይተዋል። በእነርሱ ቀመር መሠረት ነፋሱ 32 ፒኤስአይ የሆነ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ነፋሱ 24 የሆነ ደግሞ 82 ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። የነፋስ ማነስ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ይታያል። ነገር ግን መኪናችን በ46 ኪሎ ሜትር ነበር፣ የውሃውም ጥልቀት የጫማዬን ሶል እንኳ አልሸፈነም። ሙሉ መንሳፈፍ እዚህ አልነበረም።

የነበረው ሌላ ዓይነት ነው። ለስላሳ መሬት ላይ እንደ ቅባት የሚያንሸራትት ስስ ንብርብር ሲኖር፣ ጎማው እርሱን ሰብሮ ጠጠሩን መንካት ካልቻለ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ይንሸራተታል። ይህን ንብርብር የሚሰብረው ለስላሳ ላስቲክና ስል የጥርስ ጠርዝ ነው። በፎርሙላ 1 ለከባድ ዝናብ የሚሠራው የፒሬሊ ጎማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ 85 ሊትር ውሃ እንደሚያስወጣ አምራቹ ይናገራል፤ ቦዩ ጥልቅ ከመሆኑ ሌላ ላስቲኩም በቅዝቃዜ ውስጥ እንዲለሰልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። የእኛ የኋላ ጎማዎች ሦስት ሚሊ ሜትር ቦይ ነበራቸው። ላስቲክ ግን አልነበራቸውም።

ከግጭቱ በኋላ ያለው አንድ ደቂቃ

ይህ ክፍል ከጎማ ጋር አይገናኝም፤ ግን ከሁሉ የበለጠ ያስፈራኝ እርሱ ነው። መኪናው እንደቆመ አምስት ወጣቶች ለመግፋት ወደ መስመሩ ሮጠው ገቡ። በዚያው ጊዜ ቀጣዩ መኪና ከመነሻው ተለቅቆ ሁለተኛውን መታጠፊያ እያለፈ ነበር። መነሻው ላይ ያለው ሰው አራተኛውን ኩርባ ማየት አይችልም፤ ሬዲዮም አልነበረንም። ጨርቄን እያውለበለብሁ ወደ ሦስተኛው መታጠፊያ ሮጥሁ፤ አሽከርካሪዋ አይታኝ ቆመች። ባታየኝ ኖሮ ወደዚያው የተቀባ አስፋልት፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ ሰዎች ወደቆሙበት ትመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በጃፓን ሱዙካ የፎርሙላ 1 አሽከርካሪው ዡል ቢያንኪ ሕይወቱን ያጣበት አደጋ የዚህ ቅጂ ነው፤ በዝናብ ውስጥ አንድ መኪና በወጣበት ኩርባ እርሱም መቆጣጠር አቅቶት ወጣ፣ የመጀመሪያውን መኪና ያነሣ ከነበረው ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ፣ ከወራት በኋላም በሐምሌ 2015 ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም አሽከርካሪ በአንድ ጊዜ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድደው ደንብ በፎርሙላ 1 የገባው። እኛ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሁለት የእጅ ሬዲዮ አለን፤ በመስመሩ ላይ የቆመ መኪና ካለም ማንም ከመነሻው አይለቀቅም።

በቦቴ የተደረገው ሙከራ

ቸርኬው ተቃንቶ፣ የኋላው እግር ተለክቶ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ መኪና፣ ያንኑ ልጅ ይዘን ተመለስን። ቦዩን አስቀድመን ጠረግን። አንድ የውሃ ቦቴ ተከራይተን አራተኛውን ኩርባ ብቻ አራስነው፣ የውጩንም ጎማዎች ወደ ኋላ አራቅናቸው።

መጀመሪያ አዲሶቹን ከፊት እንደነበሩ ትተን፣ የኋላዎቹን ነፋስ ብቻ ወደ 32 ከፍ አድርገን በ40 ኪሎ ሜትር ገባን። እኔ በጎን ወንበር ነበርሁ። ነዳጁን እንደያዘ ሲሄድ ምንም የለም፤ መሐል ላይ «ልቀቅ» ስለው ኋላው ወዲያውኑ ሄደ። ልጁ ይጠብቀው ስለነበር መሪውን በልክ መልሶ አዳነው። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመሳሳይ ሆነ።

ከዚያ አዲሶቹን ወደ ኋላ፣ አሮጌዎቹን ወደ ፊት አዛወርናቸው። በዚያው በ40 ኪሎ ሜትር መኪናው ሌላ መኪና ሆነ። መሪው ቀለለ፣ አፍንጫው ትንሽ ወደ ውጭ ሄደ፣ ልጁም ሳይነገረው «ይሄ አይይዝም» ብሎ በራሱ ቀነሰ። መሐል ላይ ነዳጅ ሲለቅ ክብደቱ ወደ ፊት መጥቶ አሮጌዎቹን ጎማዎች ይጫናቸዋል፣ መኪናውም ወደ መስመሩ ይመለሳል። የድንጋጤው እንቅስቃሴና የሚያድነው እንቅስቃሴ አንድ ሆኑ። በ46 ስንገባ ከኩርባው ውጭ ወጣን፤ ነገር ግን በፊታችን፣ ቀጥ ብለን፣ ፍሬን እየያዝን ነው የወጣነው። አሮጌ ጎማ ፊት አድርጎ በዝናብ መንዳት ጥሩ ነው እያልሁ አይደለም፤ መቆሚያ ርቀት ይረዝማል፣ ትክክለኛውም መልስ አራቱንም መቀየር ነው። ሁለት ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ግን ልዩነቱ ይህ ነው።

ሙከራው ጉድለቶች አሉት። ዋልካው ታጥቦ ነበር፣ ዘይቱም እንዲሁ፣ አሽከርካሪውም ምን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በ46 ኪሎ ሜትር የሆነውን በትክክል ደግመነዋል ማለት አልችልም። የደገምነው የመኪናውን ጠባይ ነው።

በመካከላችን የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው «የእኔን አይመለከተውም» አለ። በከፊል እውነት ነው፤ የእርሱ መኪና መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሥርዓት አለው። ነገር ግን በኤሌክትሪክ መኪና እግር ሲነሣ ሞተሩ ባትሪውን እየሞላ ጎማዎቹን ይይዛል፤ መኪናው በኋላ ጎማ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ያ ፍሬን የሚያርፈው በኋላዎቹ ላይ ብቻ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪናዎች በየሰፈሩ በዝተዋልና፣ የኋላ ጎማቸውን ዕድሜ የሚያነብ ሰው ቢኖር እወዳለሁ። መኪናው ክብደቱም ከኮሮላው ይበልጣል።

አጎትየው ለመኪናው ጥገና የከፈሉት ገንዘብ ያኔ ሊገዟቸው ያልቻሏቸውን ሁለት ጎማዎች ዋጋ አልፎ ሄደ። ልጁን አልተቆጡትም፤ እኔን ግን «አንተ እያየህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሁለት ወር በኋላ በነሐሴ አንድ ቀን ልጁ ደወለልኝ። ሌላ ጎሚስታ ቤት ቆሟል፣ አንዱ አዲስ ጎማ ምስማር ወግቶት ተፈትቷል፣ ባለሙያውም እግረ መንገዱን አዲሶቹን ወደ ፊት ሊመልሳቸው ነው። «ጋሼ፣ ፊት ነው መሆን ያለበት ይላል፤ ምን ልበለው?» አለኝ። ስልኩን ስጠው አልሁት። ሰውየው ለሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሠራ መኖሩን፣ የፊት ጎማ ቢፈነዳ መሪ እንደሚነጥቅ በትሕትና አስረዳኝ፤ እኔም ስለ ዋልካው፣ ስለ 3611፣ እግር ሲነሣ ስለሚሆነው ነገር ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ደንበኛው ካለ እሺ፤ ግን ነገ ሌላ ሰው እንዳያዛውረው ልጻፍበት» አለ። ልጁ ማታ ፎቶውን ላከልኝ፤ በሁለቱ አዲስ ጎማዎች ጎን ላይ በነጭ ጠመኔ «ኋላ» ተብሎ ተጽፏል።